ለአውቶቡስ የሚሰጥ ድምፅ

እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 14

የኔ ሾፌር፣

ጀርባህ እንዴት ሆነልህ? በደወልክ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብለህ ስለምታልፈው አላምንህም። ያን ሁሉ አገር የጭነት መኪና ሲነዳ ውሎ ደህና የሚሆን ጀርባ የለም። እኛ ግን የእውነት ደህና ነን። ልጅህ በቁመት በልጣኛለች፤ ቀሚሴን ለብሳ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ መስላው ከኋላ ይጣራል። ስፌቱም አለ፣ ቀዝቀዝ ቢልም።

ምርጫ እንደነበረ ሰምተሃል መቼም። ከምርጫው በፊት አንደኛው ተወዳዳሪ ሰፈራችን መጥቶ ነበር። የት ሰበሰበን መሰለህ? አውቶቡስህን ታሳድርበት የነበረው ጋራዥ ውስጥ። መንግሥት ለዕዳው ብሎ አውቶቡሶቹን ከሸጠ ወዲህ ወና ነው፤ የዘይቱ ነጠብጣብ ብቻ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ሰውየው አፈ ቅቤ ነው። ግብር እቀንሳለሁ፣ አዳዲስ አውቶቡሶች አስመጣለሁ፣ የተበተኑትን ሾፌሮች እመልሳለሁ አለ። ይህን ሲል አንተን ለይቶ የጠራህ መሰለኝ። ጎረቤታችን ጡረተኛው ተነስተው፣ ግብር ተቀንሶ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁት።

«እንበደራለን» አለ ፈገግ ብሎ። «አገር ሲያድግ ልጆቻችን ሳይታወቃቸው ይከፍሉታል።»

ጋራዡ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። ከዚያ በፊት የመጣችው ሌላዋ ተወዳዳሪ፣ ግብሩ እንደማይቀንስ፣ ዕዳው ሳይቃለልም አውቶቡስ እንደማይገዛ ቁርጡን ስትነግረን ያጨበጨበላት ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ልጅህ ጥላኝ ቀድማ ሄደች። ምን ሆነሻል እያልኩ ነዘነዝኳት።

«አባዬን የወሰደብን ያኔ ለአውቶቡሶቹ የተበደሩት ነው» አለችኝ። «የአሁኑ ደግሞ እኔን ይወስደኛል። እኔ ገና መምረጥ አልችልም፤ የምትመርጪው አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው። ያኔ አዲሱን አውቶቡስ ስትረከብ የነበረንን ደስታ ታስታውሳለህ። በምን ተገዛ ብለን አንተም እኔም አልጠየቅንም። ደግሞ የተበደሩትን ሰዎች የመረጥናቸው እኛው ነበርን።

የምርጫው ዕለት ቀሚሴን ተኩሼ ሄድኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። በሰውየው ስም ትይዩ ምልክት ባደርግ፣ ያን ጊዜውኑ በሩን ከፍተህ የምትገባ መሰለኝ፤ ጠረንህ ሁሉ መጣብኝ። ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም እስኪጀምሩ ድረስ ቆየሁ። ከዚያ ድምፄን ለሴትዮዋ ሰጠሁ።

አሸነፈች። ለጥቂት ነው አሉ። ትናንት ሰፈሩ አኩርፎ ዋለ፤ እኔም አብሬ አኮረፍኩ። ማንን እንደመረጥኩ ለልጅህም አልነገርኳት። ካንተ መደበቁን ግን አልቻልኩበትም።

እንግዲህ የዘንድሮው አውቶቡስ ቀርቷል። ለከርሞም የሚመጣ አይመስለኝም። ተናደሃል፣ አውቃለሁ። ደውልና ተቆጣኝ፤ ድምፅህን ልስማው።

ፈጣሪ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። እንቅልፍ ሲጫንህ ዳር ይዘህ አቁም፤ ማንም አያሳድድህም። ልጅህ ሰላም ብላሃለች። እኔ ግን በሰላምታ ብቻ አይወጣልኝም።

ልብስ ሰፊህ