በቀይ ክር የጠለፍኩት ግጥም

ጥቅምት 14 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት
ከሱቄ፣ ከስፌት መኪናው ጎን

ለሚጢጢዬ፣

እንዳትስቂብኝ እንጂ እናትሽ ተማሪ ሆናለች። ደብተር ገዝቼ፣ እርሳስ ቀርጬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ግጥም እማራለሁ። አባትሽ «በዚህ ዕድሜሽ?» ብሎ ሁለት ቀን ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ከፍቶ ሲያነብ ያዝኩት።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ በላክሽልኝ ፖስታ ነው። ድሮ ስትጽፊ የአከራይሽን ኩርፊያ፣ የመሥሪያ ቤት ሐሜቱን፣ የኮትሽን ቁልፍ ሳይቀር ነበር የምትዘረዝሪልኝ። በዚያ ፖስታ ውስጥ ግን አራት መስመር ብቻ፦

መስኮቱን ዘጋሁት ጠዋት እንዳይገባ፣
ጫማዬን ደበቅኩት ከእግሬ እንዳይግባባ፤
ደህና ነኝ እላለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ፣
ግድግዳዎቼ ግን አይደለሽም አሉ።

እኔ ምን አውቄ! ቤት መምታቱን ሳይ «ልጄ ገጣሚ ሆነችልኝ!» ብዬ ዘለልኩ። በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር ጠለፍኩት፣ ዙሪያውን በጽጌረዳ ከበብኩት፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ልብስ መለኪያው መጋረጃ አጠገብ ሰቀልኩት። ደንበኞቼ ወደዱት። አንዷማ «ለሙሽራዋ ልጄ ትራስ ላይ ጥለፊልኝ» አለች። ጠለፍኩላታ! በአንዱ ትራስ የላይኞቹን ሁለት ስንኞች፣ በሌላው የታችኞቹን።

ትምህርቱን የጀመርኩት በግጥም ልመልስልሽ ብዬ ነው። መምህራችን ጡረታ የወጡ የሬዲዮ አንባቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻውን አንድ ወንበር ይይዛል። መጀመሪያ ጠረጴዛ እየመታን ቀለም መቁጠር አስተማሩን፤ ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስድስት። ቶሎ ያዝኩት። ሠላሳ ዓመት ፔዳል የረገጠ እግር ምት አይጠፋውም። ቀጥሎ ቤት መምታት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት «ቢወጣ የማይጎድል ቃል ካለ አውጡት» አሉን፤ ይሄማ ትርፍ ጨርቅ መቁረጥ ነው አልኩ በልቤ። አራተኛው ሳምንት ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

«ግጥም ስታነቡ ጠይቁ» አሉን። «የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው? ሳይናገር የተወውስ ምንድን ነው?» ከዚያ የምንወደውን ግጥም ይዘን እንድንመጣ አዘዙን። እኔም ፍሬሙን ከግድግዳው አውርጄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። የማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም፤ መጨረሻ ላይ ልኮራ ነዋ።

መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡት። አጠገቤ የምትቀመጥ ጡረተኛ ነርስ አለች፤ ሁሌ በሳቅ የምትገድለን እሷ ናት። መነጽሯን አወለቀችና «ይህቺ ልጅ ከቤት መውጣት አቅቷታል» አለች። «ስንቷን አይቻለሁ። ለመሆኑ ሰው አላት?»

አብሮን የሚማር የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቆይ፣ በአበባ የከበባት ማን ነው? የሰው ጭንቅ ላይ ጽጌረዳ ይተከላል እንዴ!» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ስንወጣ መምህሩን ደረጃው ላይ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ የምትናገረዋ ገጣሚዋ ራሷ ናት?»

«ላትሆን ትችላለች። ገጣሚ አንዳንዴ የሌላ ሰው ልብስ ይለብሳል።»

«በምን ይታወቃል?»

«ከግጥሙ አይታወቅም» አሉኝ። «እሷን ካላወቋት በቀር።»

«ላትሆን ትችላለች» የምትለዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እስካሁን እሷኑ ይዣለሁ።

ስደውል አታነሺም። ቆይቶ መልእክት ይመጣል፦ «ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ሦስት ወር ሙሉ ያቺው መልእክት፣ አንድ ፊደል ሳትለወጥ። አባትሽ ስልኩን ይዞ ሻወር መግባት ጀምሯል። ልምጣ ብዬ ኤምባሲው ሄጄ ለቪዛ ሁለቴ አመለከትኩ፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ሁለቴም ፈገግ ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ቀሚስ ቢጠብ አሰፋዋለሁ፣ ቢረዝም አሳጥረዋለሁ፤ ይህን ግን ከየት ይዤ እንደምፈታው ጠፋኝ።

አንድ ነገር ትዝ ይልሻል? ከብስክሌት ወድቀሽ ከንፈርሽ ሲደማ፣ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ፣ «ደህና ነኝ በይ!» ብዬ በጎን የቆነጠጥኩሽ? ስድስት ዓመትሽ ነበር። ደምሽን እየዋጥሽ «ደህና ነኝ» አልሽ። «ጎበዝ!» አሉሽ ሁሉም። እኔም ኮራሁብሽ።

የሙሽራዋን እናት ትራሶቹን መልሽልኝ ብላት «ምን ሆነሻል፣ ልጄ ወዳዋለች እኮ» አለችኝ። የሱቁን ጥልፍ ግን መልሼ አልሰቀልኩትም። አበቦቹን ፈታኋቸው፤ ቃላቱን ልፈታ ስል እጄ እምቢ አለ።

መልስ ልጽፍልሽ ስል ደብተሩ ሞላ። ትርፉን ስቆርጥ፣ ስቆርጥ፣ አንድ ስንኝ ቀረኝ፦

ደህና አይደለሁም በይ፣ አልቆጣሽም እኔ።

ጠረጴዛ እየመታሁ ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ግን ስንት ቀን ለመንኩት፣ አልመጣም። አንዱ ብቻውን ቤት አይመታም፤ ጥንዱን አንቺ ላኪልኝ። ባይገጥምም ግድ የለም። በግጥምም አይሁን፤ እንደ ድሮሽ ስለ አከራይሽ ኩርፊያ ጻፊልኝ። ካልሆነ አንድ ቃል።

ፈጣሪ አጠገብሽ ሰው ያቁምልሽ። ጠዋቱ ሳያስፈቅድ ይግባልሽ። ጫማሽን ከደበቅሽበት የምታወጪበትን ጉልበት ይስጥሽ።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ስለ እኔ ጤንነት የምጽፋትን መስመር ዛሬ ዘልያታለሁ።

እናትሽ