የእንጨቱ በር የሚከፈትበት ሰዓት

ሲንጋፖር፣ ቶአ ፓዮ
ከዘጠነኛው ፎቅ

ይድረስ ሜልቦርን ላለችው የልጅ ልጄ፤

እንዴት ነሽ የኔ ቀበጥ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ምግብ ትበያለሽ ወይስ ያን የታሸገ ሾርባ ፉት እያልሽ "በላሁ" ትያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ከጎረቤቴ ከሮሃያ ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ሁለቱንም ሐኪም ያዘዘልኝ ነው የሚመስለው።

ዛሬ የምጽፍልሽ በአባትሽ ነገር ነው። አያትሽ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ እንቅልፍ ነስቶታል። ባለፈው ወር መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ፖሊስ ተቀመጠና፣ አባዬ፣ ወይ ቤትህ የሚጠብቅህ መሣሪያ ይገባል፣ ወይ አንተ መጦሪያ ትገባለህ፤ አንድ ቀን ከወደቅህ ግን ምርጫ የለህም፣ መጦሪያው ነው አለኝ። ልጅ ሳለ ስቆጣው የማሳየውን ፊት መልሶ ለእኔው አሳየኝ።

መሣሪያውን መረጥኩ። ደግነቱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከሕንፃችን ሥር ባለው አዳራሽ ሽማግሌ አሮጊቱን ሰብስበው፣ ኑ አብረን እንሥራው ይሉን ነበር። አለቃቸው ካያል የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። የመጀመሪያዋን ሙከራ እኔ በር ላይ ለጠፈቻት፤ የክብሪት ሣጥን የምታህል ነጭ ነገር።

በማግስቱ ነጯ ነገር አበደች። በሩ ተከፍቶ ቆይቷል እያለች ለአባትሽ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደወለችለት። ምስኪን፣ ስብሰባ ጥሎ፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ ከተፍ ሲል፣ እኔ ከእንጨቱ በር ውጭ ባለው የብረት ፍርግርግ በኩል ከሮሃያ ጋር ሐሜት ላይ ነኝ። እንኳን መጣህ፣ ሩዝ አለ አልኩት። አልሳቀም። ካያል ጩኸቷን አጠፋችና መመዝገቡን ብቻ ተወችላት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ካያልን፣ ለመሆኑ ልጄ፣ የእናትሽ ቤት በር አለው ወይ? አልኳት። እኛ ፎቅ ላይ የእንጨቱ በር ወለል ብሎ ይውላል፤ የሚቆለፈው ፍርግርጉ ነው። የተከፈተ በር፣ አለሁ፣ ብቅ በሉ ማለት ነው። የሚያስፈራው የተዘጋው ነው። ማዶ የነበረው ሽማግሌ በሩን ሁለት ቀን ዘግቶ ቢከርም፣ ልጁ ጋ ሄዶ ነው አልን፤ አልሄደም፣ ውስጥ ነበር። ይህን ስነግራት ካያል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በተገላቢጦሽ ነው የሠራነው አለች ቀስ ብላ። አሁን በሩ በሰዓቱ ካልተከፈተ ነው የምትጮኸው፤ የምትጠራውም መጀመሪያ አሥር እርምጃ ላይ ያለውን ጎረቤት እንጂ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያለውን ልጅ አይደለም። ይህን ያስለወጥነው እኛ ጥርስ የሌለን ነን! ጉራዬን ቻይው።

ሰዓቱ ነበር የቀረው፤ በሩ እስከ ስንት ሰዓት ካልተከፈተ ትጩህ የሚለው፣ ለሙከራው ለሁላችንም አንድ የሚሆን። ካያል በየተራ፣ በርዎን መቼ ይከፍታሉ? ትለን ጀመር። እኔ፣ ሁልጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዶሮ እንኳ ከእኔ ነው የሚማረው አልኩ። የነጯን ነገር መዝገብ አየች። አባባ፣ ማክሰኞ ግን አራት ሰዓት ነው የተከፈተው አለችኝ።

እንቅልፍ ጥሎኝ ነው አልኩ።

አመነችኝ። እንግዲያው እስከ አራት ሰዓት ዝም እንድትል እናድርጋት ብላ መጻፍ ጀመረች። ይኼኔ ሮሃያ፣ የልቧን ሕመም ታውቂያለሽ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ ሽማግሌ፣ እኔ ንጋት ላይ ብወድቅ አንተ እንቅልፍ ጠግበህ እስክትነቃ ተጋድሜ ልጠብቅህ ነው? አለችኝ። ለቀልድ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የኔ ልጅ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ በሩ ሃያ ሰባት ሴራሚክ አለ። አያትሽ ሠላሳ ዓመት ስትወለውላቸው አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም። ማክሰኞ ቆጠርኳቸው፤ አንድ በአንድ፣ በክርኔ እየተሳብኩ።

ካያልን፣ ሰርዢው አልኳት። እንቅልፍ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ተኩል አድርጊው። ሰርዛ አሥራ ሁለት ተኩል ብላ ጻፈች። ሮሃያ ቤታችን እስክንደርስ አንዴም አልሰደበችኝም። የፈራሁት ያኔ ነው።

አባትሽ እሑድ ለምሳ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ሲጠግብ ዓይኑ ስለሚከብደው ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። ተውኩት። ከምሳ በፊት ነው የምነግረው። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ቀድመሽ እንዳትደውዪለት፣ እንዳታማልጂልኝም። ብቻ ካነሳብሽ፣ አያቴ ራሱ ነው የነገረህ በዪልኝ።

ትምህርትሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ስታረጂም አረፍ ብሎ የሚያዳምጥሽ ሰው አያሳጣሽ።

አሁንም እንደ ሕፃን የሚያይሽ
አያትሽ