የአባባ ሽጉጥ እጀታ

ውድ እህቴ ረሂማ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እዚያ ቢስቲማ ዝናብ ጣለላችሁ? በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ሳቄ ስለማያስጨርሰኝ ልጻፍልሽ አልኩ።

ነገሩ የአባባ ሽጉጥ ነው፤ አላህ ይዘንለትና። ጥይቱ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፣ ያው ለማስታወሻ ኮምቦልቻ እኔ ቤት ተቀምጧል። እጀታውን አባባ በሞረድ ሞርዶ እንዴት እንዳሳሳው ታውቂያለሽ። ሁላችንም «አባባ ሳያውቅበት አበላሸው» እያልን ነው ያደግነው። አናጢው ወዳጄ አግማስ የድሮ ዕቃ ሲጎዳ አይወድም፤ «እንደ ጥንቱ እንመልሰው» ብሎ ከወይራ አዲስ እጀታ ጠረበ። አንቺም «ይሁን» ብለሽኝ ነበር።

የድሮውን ለመንቀል ስንነሳ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እማ ሳታየው አይሆንም ብዬ ከአግማስ ጋር ደሴ ወጣን። አባባ ከሞተ ወዲህ እንዴት እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ከቤት አትወጣም፣ ከጎረቤት እንኳ አትጫወትም።

ሽጉጡንና አዲሱን እጀታ ፊቷ አስቀመጥኩ። «እማ፣ እንቀይረው?»

አዲሱን ዞራም አላየችው። ሽጉጡን አንስታ ጨበጠችው። ረሂማ፣ መዳፏ ውስጥ ልክክ አለ!

«አበላሸው ያላችሁ ማነው?» አለች። «ለእኔ ብሎ ነው የሞረደው። ለንግድ ባቲ ሲወርድ ብቻዬን ነበርኩ። እጀታው ወፍሮብኝ ጣቴ ቃታው ጋ አልደርስ አለ። እሱ ይሞርዳል፣ እኔ እጨብጣለሁ። እንደገና ይሞርዳል፣ እንደገና እጨብጣለሁ።»

«ተኩሰውበት ያውቃሉ፣ እማማ?» አላት አግማስ።

«አንዴ። ዝንጀሮ ማሽላችን ውስጥ ገባ። እሱን ስቼ የራሴን እንስራ በታተንኩት። ወላሂ፣ ዝንጀሮው ዞሮ አየኝ!»

«አባባስ ምን አለ?»

«አዲስ እንስራ ገዝቶ መጣና፣ ‹ይቺኛዋን ዝንጀሮው የቆመበት አስቀምጫት፤ እዚያ ጥይትሽ አያገኛትም› አለኝ።»

ሳቀች፣ ረሂማ! እንባዋ እስኪወርድ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። አግማስ በሳቅ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እኔ መሳቄን ይሁን ማልቀሴን አላውቀውም። አባባን እንደ አዲስ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ እጇን እየለካ እንጨት የሚሞርድ ጎረምሳ።

አግማስ እጀታውን ወደ ቦርሳው መለሰ። «ይሄን ነቅዬ የት እገባለሁ!» አለኝ። እኔም በዚህ ቆረጥኩ፤ አንቺም እንደማይከፋሽ አውቃለሁ። ሽጉጡ እንዳለ ይኖራል፤ አሁን ያለው እማ ጋ ነው።

ልንወጣ ስንል እማ «ረሂማ ይሄን ታውቃለች?» አለችኝ። አታውቅም ስላት ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። «እንግዲያው እኔ ነኝ የምነግራት፣ ውሰደኝ!» በስንት ልመና እስከ ዓርብ አስታገስኳት። ከጁምዓ በኋላ ተነስተን እንመጣለን።

ይህን በሚኒባስ የላክሁልሽ ቀድሞን እንዲደርስ ነው። አንብበሽ ደብቂው። ስታወራሽም እህቴ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁኚላት።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
መሕሙድ