ብርድ አልነበረም

ውድ እታለሜ አምሳል፣

ባልሽን ታደለን በማጭድ መታሁት። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው የማስቀድመው። አልሞተም፤ እርፍ ለመጨበጥ ግን ጊዜ ይፈጅበታል።

የወንዛዬን ፍል ውኃ መቼም አልረሳሽውም። ወር በመጣብሽ ቁጥር ሆድሽን ይዘሽ ስትንፈራገጪ “የማኅፀን ብርድ ነው፣ ፍል ውኃ ያወጣላታል” ተባለ። ታደለም ውኃው ከሚፈላበት ምንጭ ወስዶ ማጅራትሽን ይዞ ደፈቀሽ። ላስጥልሽ ብል በክርኑ የፊት ጥርሴን አረገፈው። ሆድሽ ተላጠ። ጤና ጣቢያ ቃጠሎውን ቀቡልሽ እንጂ ከሥሩ ያለውን ሕመም የጠየቀሽ አልነበረም። ቁስልሽ ሳይጠግግ “ሰነፍ” እያለ በጅራፍ ሲገርፍሽ ልጅሽን ትተሽ መተማ ገባሽ። አልፈረድሁብሽም።

ዘንድሮ ማርያማዊትሽ ሩዝ ስታጭድ ወደቀች፤ እንዳንቺው ሁለት እጇን እምብርቷ ሥር ቀብራ። አባቷ አያትና በቅሎ ጫነ።

“ወዴት ነው?” አልሁት።

“ወንዛዬ ነዋ። ብርድ ነው፣ የናቷ ነው።”

“ልጅቱን ልቀቃት፣ ታደለ።”

“አንችስ ገና ጥርስ ተርፎሻል መሰል” ብሎ በጠጉሯ ጎተታት። ማጭዱ በእጄ ነበር። ደሙ ነዶው ላይ ተረጨ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።

በባጃጅ ወረታ አደረስኋት። አንቺ ያጣሽው አሁን መጥቷል፤ በገበያ ቀን የሴቶች ሐኪም ከባሕር ዳር ትመጣለች። ዶክተር ሰገን ትባላለች። ልጅሽን መርምራ “ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው” አለች። የማኅፀን ውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማኅፀን ውጭ በቅሎ በየወሩ ያቆስላል አለችን።

“ብርድም ስንፍናም አይደለም። ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው አለ?”

“እናቷ” አልሁ።

ማርያማዊት ቀና ብላ አየችኝ። “እናቴ ጠልታኝ አልነበረም የሄደችው?”

አባቷ እንዲያ እያለ ነው ያሳደጋት። ወንዛዬን፣ ጅራፉን፣ ሁሉንም ነገርኋት። እስኪበቃት አለቀሰች።

ሽማግሌዎቹ ዕርቅ ዕርቅ ይሉኛል፤ እኔ ማጭዴን እየሳልሁ እሰማቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ነጋዴው መሐመድአወል ሲመለስ መኪናው ላይ ቦታ ይዞልሻል።

ሌላም አለ። ልጅሽ ከታዘዘላት ኪኒን ግማሹን ሳትውጥ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር ያዝኋት። ምነው ብላት “ለእናቴ ነው” አለችኝ። ዶክተሯ ብትሰማ ትቆጣናለች። ስለዚህ ነይና የራስሽን ተቀበይ፤ ልጅሽ የራሷን ትዋጥ።

በር ላይ የምትጠብቅሽ ጥርሰ ወላቃዋ እህትሽ፣
ታይቱ