በጋሼ ወርቁ ሱቅ የቆምኩባቸው ጠዋቶች

ሰኞ፣ ጁላይ 7። ጠዋት

ለድጎማው ቢሮ ሪፖርት የማደርግበት ቀን። ስልኩን ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀምጬ መልሱን እጫናለሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሠርተዋል? የለም። ገቢ አግኝተዋል? የለም። አድራሻ ቀይረዋል? ወዴት ልሄድ። የለም።

የሥራ ማመልከቻዎቹ ግን ይጎድላሉ። የታዘዝኩት ቁጥር እስኪሞላ ያገኘሁትን ሁሉ አፕላይ አደርጋለሁ። ዛሬ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ላለ መዋኛ ገንዳ የልጆች አሠልጣኝ ለመሆን አመለከትኩ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ የማያውቅ። ቢቀጥሩኝ መጀመሪያ የምሰምጠው እኔ ነኝ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልሆነ ለማንም አልናገረውም። የፍራሽ ፋብሪካችን ከተዘጋ ወዲህ የቤት ኪራዩን የምከፍለው በዚህች የሥራ አጥ ድጎማ ነው። እሷ ከቆመች እኔና ልጄ ሜሮን በሰው አገር፣ ዳንደኖንግ ውስጥ ማን ቤት ልንገባ ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ሱቅ ነኝ። ብርድ። ማሞቂያው እግሬን ብቻ ያሞቃል። በርበሬና ምስር ደረደርኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ፣ አንዲት ሴትዮ ኮረሪማ ጠይቃ ሳትገዛ ወጣች።

ጋሼ ወርቁ ቁልፉን ሰጥተውኝ ሆስፒታል ሄደዋል። ባለቤታቸውን እትዬ ስንዱን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋ። ነርሶቹ ቢለምኑ አፋቸውን አይከፍቱም፤ የሚበሉት ከባላቸው እጅ ነው። እሱም ጠዋት ብቻ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ነው፣ ማታም እንቅልፍ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ያጎርሳሉ።

ክፍያ የሚባል ነገር በመሃላችን ተነስቶ አያውቅም። ከስደተኞች ካምፕ የመጣሁ ሰሞን ሳሎናቸው ውስጥ አንጥፈው ያስተኙኝ፣ ባቡር አሳፈር ያሳዩኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት እጅ ይዤ ቤት ተጎልቼ ሱቃቸው ቢዘጋ ምን ሰው ነኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

ሥራ አፈላላጊው ቢሮ አፖይንትመንት ነበረኝ። ክሎይ የምትባለው ልጅ ናት የኔን ጉዳይ የያዘችው። ከሜሮን ብዙም አትበልጥም። ቀኑን እንዴት እንደማሳልፍ ጠየቀችኝ።

ቤት እውላለሁ ማለት አቃተኝ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የመንግሥት ገንዘብ የሚበላ ሽማግሌ ልባል ነው? ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት የወዳጄን ሱቅ እከፍታለሁ፣ ዕቃ እደረድራለሁ፣ እሸጣለሁ አልኳት። ታታሪ ነህ የምትለኝ መስሎኝ።

መተየብ አቆመች። ስንት ሰዓት እንደምቆም ጠየቀች። እሱንም ነገርኳት፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሬበት። ከዚያ ብዙ ተየበች። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ገንዘቡ አልገባም። በይደር ተይዟል ይላል ስልኩ። ደወልኩ። ሙዚቃ። አሁንም ሙዚቃ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ባትሪው አለቀ፣ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ሰው አነሳ። ክፉ አይደለም፣ ድምፁ የደከመው ነው። እየሠራህ አልሠራሁም ብለሃል ነው ነገሩ። እርዳታ ነው፣ ሥራ አይደለም አልኩት። ትርፍ የሚያገኝ ሱቅ ውስጥ ከሆነ ሥራ ነው አለኝ። ባለሱቁ ስንት ሰዓት እንደምትቆምና ምን እንደሚከፍሉህ ጽፈው ይስጡህ አለ።

ሚስታቸው ከሞት ጋር እየታገሉ ያሉ ሰው ዘንድ ሄጄ ወረቀት ጻፉልኝ ልበል። አፈርኩ። ገና ሳልሄድ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ድጎማውን ሳላነሳ፣ የሰዓቴንና የክፍያዬን ወረቀት ጠየቅኋቸው። የቻልኩትን ያህል አለዝቤ። ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ያላሰብኩት፣ አሉኝ። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ደንበኛ ገባ፣ ወሬው ተቋረጠ።

ዓርብ፣ ጁላይ 25

አሁን ገባኝ።

አካውንቴ ውስጥ ገንዘብ አገኘሁ። ድጎማው መስሎኝ ተመስገን ብዬ ነበር። ሜሮን ስልኩን ከእጄ ወስዳ አየችው። ላኪው ጋሼ ወርቁ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ደመወዝ ብለው ጽፈውበታል። ወረቀቱን ስጠይቃቸው በዘወርዋራ ክፍያ የጠየቅኋቸው መስሏቸዋል። ከየት አምጥተው እንደላኩት እግዚአብሔር ይወቅ።

ሜሮን በእንግሊዝኛዋ ብዙ ተናገረች። የገባኝ ይህ ነው፦ ከእንግዲህ እውነትም ተቀጣሪ ነህ፣ ማስረጃውም አካውንትህ ላይ ተቀምጧል። ተናደድኩባት፤ እሷ ምን አደረገች። ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ገንዘቡን ከባንክ አውጥቼ ልመልስላቸው ሄድኩ። አልቀበልም አሉ። ለካ ስትቀየመኝ ነው የከረምከው አሉኝ። አልተቀየምኩም ብል አያምኑም። ብገፋ ሰደብኳቸው ማለት ነው፣ ብወስድ እኔ አለቀልኝ።  ገንዘቡን እንደያዝኩ ወጣሁ። ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ ደብተሬ። አንድ ሰው መሐረብ ሰጥቶኝ አለፈ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

ክሎይ ዘንድ። የተላከውን ገንዘብ ገቢ ብዬ እንዳስመዘግበው አደረገች። ቀጥሎ ሁለት መንገድ አለህ አለች። አንደኛው፣ ጋሼ ወርቁ በሕጉ መሠረት ይቅጠሩህ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ታክሱንም ጡረታውንም ያሟሉ። ያ ሱቅ ይህን አይችልም። የራሱን መብራት እንኳ በመከራ ነው የሚከፍለው። እስካሁን ለምን አልከፈሉም ብሎ የሚጠይቃቸውም አይጠፋም።

ሁለተኛው፣ ሱቁን ተው፤ ድጎማው ይለቀቅልሃል። በምትኩ የድጎማው ግዴታ ነውና በተመደበልህ ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ለበጎ አድራጎት የተለገሰ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ገብተህ ታገለግላለህ።

በክፍያ ነው? አልኳት። ያለ ክፍያ ነው አለች። ምን እሠራለሁ? ዕቃ ትደረድራለህ፣ ትሸጣለህ። ታዲያ ከጋሼ ወርቁ ሱቅ በምን ይለያል አልኳት። ይኼኛው የተፈቀደ ነው አለች። ተነስታ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ምን ላድርጋት። ሕጉን እሷ አላወጣችው።

ዓርብ፣ ኦገስት 1

የኪራይ ኤጀንቱ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ላከ። ሜሮን ትምህርቷን አቋርጣ መሃል ከተማ የማታ ጽዳት እገባለሁ ብላለች። በአማርኛ ነው የነገረችኝ፤ ከልቧ ሲሆን ነው እንዲያ የምታደርገው። አይሆንም አልኳት።

ጠዋቱን ወደ ሱቁ እየሄድኩ ለጋሼ ወርቁ ምን እንደምላቸው ሳስብ ነበር። እውነቱን ብነግራቸው ሁሉን በራሳቸው ያመጡት ነው የሚመስላቸው፤ ያን ገንዘብ መላካቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይጸጸቱበታል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሥራ አገኘሁ አልኳቸው። ልብስ መሸጫ ነው፣ ሰኞ እጀምራለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ነው አልኩ።

ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ሱቁን ምን ያደርጋሉ ጋሼ? አልኳቸው። አታስብ፣ ጠዋት እኔው እቆማለሁ፣ ስንዱ ዘንድ ማታ ዘግቼ እሄዳለሁ አሉኝ። ማታ እትዬ ስንዱ እንደሚተኙ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። 

ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ይዘው ተነሱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እንጀራህን ያብዛልህ፣ የገባህበትን ሥራ ይባርክልህ አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።