የልጆቻችን ጥርስ ከክርክሩ መድረክ እንዲወርድ ላዘዙት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የእጩዎች ክርክር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

የሳይንስ ጥያቄ ለእጩዎች እንዳይቀርብ ያዘዙት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው መጻፍ የእርስዎን ድካም ለሌላ መስጠት መሰለኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጥርስዎ ደህና ነው? በክርክሩ ዕለት ሲስቁ ጥርሶችዎን ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ እንደ ወተት የነጡ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይገፋፋ በሥነ ሥርዓት የተሰለፉ ናቸው። ከክፉ ዓይን ይሰውርልዎ።

እኔ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሳጥብ ያረጀሁ፣ ፊደል የቆጠርኩትም የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ የሆነ ሴት ነኝ። እርስዎ በልጅነትዎ የጨረሱትን ነገር እኔ በስተርጅና ስለጀመርኩት፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ብሎ የማመን የጀማሪ አመል አልለቀቀኝም። በአዳራሹ በር ላይ «ሕዝብ ይጠይቃል፣ እጩዎች ይመልሳሉ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈውን አንብቤ፣ እውነት መስሎኝ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የእኛ ሰፈር የሚጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ውሃ ነው። ሲያዩት ጥርት ያለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ወዲህ ያደጉት ልጆች ጥርስ እንደዛገ ምስማር ቡናማ ሆኗል፤ የልጄ የመጀመሪያ ልጅም ከእነሱ አንዷ ናት። የጤና ጣቢያችን ነርስ «ከውሃው ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ግን ነው ለማለት አልደፍርም። ከሆነ ደግሞ እያደር አጥንትም ይጎዳል» አለችን። የውሃ መመርመሪያው ቤት ደግሞ ባለሙያ አልተቀጠረለትም ተብሎ እንደተቆለፈ ነው። የልጅቱ ታናሽ እህት ጡት ልትጥል ተቃርባለች፤ ከጡት በኋላ የሚጠብቃት ያው ውሃ ነው። እንግዲህ እጩዎቹን ልጠይቅ የፈለግኩት፣ ብትመረጡ ያንን ቤት የሚያስከፍተው ማን ነው፣ ውሃው ችግር ቢገኝበትስ ምን ልታደርጉ አስባችኋል ብዬ ነበር። ይህን ልጠይቅ ስል የደረሰብኝን ደግነት እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጆሮዋ ላይ መነጋገሪያ የሰካችው አስተባባሪዎ ጥያቄዬን ሰምታ ስታበቃ ትከሻዬን ደባበሰችኝና «እማማዬ፣ ይሄ እኮ የሳይንስ ጥያቄ ነው፣ ለሕዝብ ይከብዳል። አንቺ እናት ነሽ፣ ስለ እናትነት ብትጠይቂያቸው ያምርብሻል» አለችኝ። «ልጄ፣ የሚቀለኝ ቢሆን ኖሮ መች እጠይቅ ነበር?» ብላት፣ «ምን ላድርግ፣ ሰብሳቢው ናቸው ያሉት» ብላ ከማይክሮፎኑ ሰልፍ አውጥታ ከኋላ አስቀመጠችኝ። ሕዝቡ የማይችለውን ሸክም አስቀድመው ስላወረዱለት ምስጋናዬ ይድረስዎ። የቡናማ ጥርሱን ሸክም ግን ሕዝቡ እስካሁን በአፉ ይዞት ይዞራል፤ እሱን የሚያወርድለት ደግሞ አላገኘም።

ሁለተኛ፤ መድረኩ ላይ ወጥተው «ሳይንስ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ስላለው ለክርክር አይመችም፤ ለባለሙያዎች እንተወው፤ እነሱን ለብቻ ምሳ ጋብዘን እናወያያቸዋለን» ብለው ያስረዱትን በጽሞና አዳምጫለሁ። ከእርስዎ ጋር መከራከር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም በውሃው ውስጥ ያለውን ነገር እጩዎቹ ቀምሰው ይንገሩኝ አላልኩም። እሱንስ ባለሙያ መርምሮ ይነግረኛል። ባለሙያውን የሚቀጥረው፣ በጀቱን ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የሚሰጠው፣ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር ወይስ ያለው ይጣራ ብሎ የሚወስነው ግን ከእነዚያ ከሦስቱ እጩዎች አንዱ ነው። ባለሙያው የሌለበትን ቤት ነገር ለባለሙያው ይተው ማለት ለእኔ ሲበዛ ረቆብኛል፤ ምናልባት ዘግይቶ የተማረ ሰው የማይደርስበት ክፍል ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ሳይንስ ጨርሶ ተረሳ እንዳይባል፣ እጩዎችም ተሳስተው እንዳያፍሩ አዝኖ፣ ኮሚቴዎ አንድ መልስ አዘጋጅቶ ለሦስቱም ማደሉን ሳላደንቅ አላልፍም። ረጅሙ እጩ ተነሥቶ «ሳይንስ የሀገር ዕድገት ሞተር ነው፤ ተገቢውን ትኩረት እንሰጠዋለን» ሲል አጨበጨብን። ባለመነጽሩ እጩ ወረቀቱን ገልጦ ያንኑ ቢያገኝ ፊቱ ቀላና «ይሄ የእኛ አቋም ነው፣ የተሰረቅነው እኛ ነን!» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛዋ እጩ ግን ታዛዥ ሴት በመሆኗ የተሰጣትን አንድም ሳታስቀር አነበበች፤ መጨረሻ ላይ ያለውን «እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ሕዝቡን ይመልከቱ» የሚለውንም ጭምር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሰማችን። ከዚያም ቆመችና ተመለከተችን። እኛም ተመለከትናት። አጠገቤ የተቀመጠው ጫማ ጠጋኝ «ቢያንስ እሷ አይታናለች» አለ። በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ ይህ እውነት ስለነበረ ጽፌዋለሁ።

አራተኛ፤ በሳይንስ ፋንታ የተካሄደውን ክርክር ስላላጓደሉብን እግዜር ይስጥልኝ። በልጅነቱ አብዝቶ የተራበው ማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ተፋለሙ፤ ባለመነጽሩ በቀን አንድ ጊዜ ይበላ እንደነበር ሲናገር ሦስተኛዋ እሱንም አላገኘሁም አለች፤ ረጅሙ ደግሞ እራቱን ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ እንደነበር ተናግሮ አሸነፈ። ይህ የሚመረመር ነገር ስላልሆነ ለክርክር እንዴት እንደሚመች ያን ጊዜ ገባኝ።

አምስተኛውን ቅሬታ ልተወው አስቤ ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። ከሦስቱም እጩዎች ፊት፣ ከእርስዎም ፊት፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ነበር። ከአዳራሹ ደጅ ግን የእኛው የጉድጓድ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ አለ፤ እኛ ስንገባም ስንወጣም የጠጣነው ከእሱ ነው። የመመርመሪያው ቤት ተቆልፎ እያለ ኮሚቴዎ ውጤቱን ከየት አገኘው? ይህንንም ለሕዝብ ይከብዳል ብለው እንዳልያዙት ተስፋ አደርጋለሁ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ከምርጫው በፊት አንድ ክርክር ይቀራል። ዛሬ ሦስቱም ድምፃችንን ስለሚፈልጉ የሰፈራችንን መንገድ ያውቁታል፤ አንዱ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የምንጮኸው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። ስለዚህ ያችን ጥያቄ እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ። ቢሳሳቱም ይሳሳቱ፤ «አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» የሚል አንድ ቢገኝ እሱም ለእኔ መልስ ነው። ሰው በአደባባይ የተናገረውን በኋላ አላልኩም ለማለት ይቸግረዋል፤ እኔ ከእነሱ የምፈልገው ይህንን ችግር ነው። ትንሿ ልጅ ደግሞ እርስዎ ለባለሙያዎች የምሳ ግብዣ አዘጋጅተው፣ በር ዘግተው፣ ተወያይተው እስኪጨርሱ የእናቷን ጡት ይዛ አትጠብቅዎትም።

ዕድሜዎ እንደ ንግግርዎ የረዘመ፣ ጥርስዎ እንደ ሕሊናዎ ያልተነካ ይሁን እያልኩ፣ በተቀመጡበት ወንበር ላይ እንዳሉ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በጡረታ የተሰናበተችው፣ የሁለት ልጃገረዶች አያት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ክርክሩ ሲያበቃ ፎቶ አንሺዎ እጩዎቹን ከልጆች ጋር ሊያነሣ ፈልጎ፣ አብራኝ የመጣችውን ትልቋን የልጅ ልጄን ከመሐል አቆማት። እሷም ደስ ብሏት ሳቀች። ሰውየው ካሜራውን ዝቅ አደረገና «የኔ ቆንጆ፣ ከንፈርሽን ግጥም አድርጊና ፈገግ በይ» አላት። ሥዕሉ አምሮ ወጥቶ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። በሰውየው አልተቀየምኩም፤ እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር የምላት ይህንኑ ነበር። በሚቀጥለው ክርክር ከፊት ወንበር፣ ከእርስዎ ትይዩ አስቀምጣታለሁ። ከእንግዲህ ግን «አፍሽን ግጠሚ» አልላትም።