ጨዉ ያልታጠበ መንገድ

ማርች 6

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ዳርሊን ናት። ቃሉ የኔ ነው፣ የሆባርት ሳይዝሞር። ፊደል አልቆጠርኩም። ኬንታኪ ሳለን ትምህርት ቤቱ ከተራራው ማዶ ነበር፣ የከሰሉ ጉድጓድ ግን ከበራችን ሥር። አላፍርበትም። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ሐኪሙ የሆድህን ለሰው አስጽፍ አለ። ይኸው። ዳርሊን፣ እንዳልኩት ጻፊ። አታሳምሪው።

ዛሬ ምንም የለም። ብርድ። ጋራዥ ገብቼ ብርድ ልብሷን ገለጥኩና አየኋት። ሰማያዊዋ ሙስታንግ፣ የስድሳ አምስት ስሪት። ከኖቬምበር ጀምሮ ቆማለች። ከዚያ መንገድ ላይ ወጣሁ። ጣቴን በምራቄ አርሼ አስፋልቱን ነካሁና ቀመስኩት። ጨው! ገና ነው። ክረምቱን ሙሉ በረዶው እንዲቀልጥ የሚበትኑትን፣ ብረት የሚበላውን ጨው ዝናብ መትቶ፣ ደግሞ መትቶ ካላጠበው እሷ አትወጣም። እዚህ ቴይለር ከተማ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወድ ሁሉ እንደዚያው ነው።

የማዶው ጎረቤቴ ካዝ ቮይታስ በረንዳው ላይ ቆሞ ኖሯል። በርበሬ ላምጣልህ ወይ አለኝ።

ማርች 8

ዳርሊን ስለ አንድ ጨው ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ትላለች።

የመጀመሪያዪቱን ስላላየሽ ነው። በስድሳ አራት ጸደይ ሙስታንግ ስትወጣ ሕዝቡ መሸጫውን አጥለቀለቀው። አጥንቷ የተራ ቤተሰብ መኪና አጥንት ነው፤ እኛ እናውቃለን፣ የገጠምናት እኛ ነን። ዲርቦርን ባለው ፋብሪካ የመኪናዋን በር የምሰቅለው እኔ ነበርኩ። ግን ኮፈኗን አስረዘሙት፣ ኋላዋን አሳጠሩት፣ ፊቷ ላይ የሚጋልብ ፈረስ አደረጉባት... በቃ። ቆማ እንኳ የምትሄድ ትመስላለች። ጸሐፊዋም ገዛች፣ አስተማሪውም ገዛ፣ እኔም ገዛሁ። የሀብታም ሳትሆን ሰውን ቀና አድርጋ ታስኬዳለች። ሌላ ምስጢር የላትም።

ያቺን በጨው ላይ ነድቼ ጨረስኳት። በስድስተኛው ክረምት ወለሉ ተበልቶ አስፋልቱ በእግሮቼ መሐል ሲሮጥ አየሁ። እናትሽ ጫማዋ ረጥቦ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይቺኛዋን ከጆርጂያ አመጣኋት፣ በረዶ ከማያውቁ ሰዎች። ጨው ነክቷት አያውቅም። አንድም ቀን።

ማርች 12

ካዝ መጣ።

ይሄ ሰው የተፎካካሪያችን መኪና ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የካማሮ ሰው። ካማሮ ማለት የኛን ሙስታንግ አይተው፣ ቀንተው ያወጧት ናት። አርባ ዓመት ፊት ለፊት ስንኖር እኔ የሱ ውስጥ አልተቀመጥኩም፣ እሱም የኔ ውስጥ። ካማሮውን ከግቢዬ ፊት እንዳያቆም ከልክዬዋለሁ። ፋብሪካችንም እንዲሁ ነበር፤ የሌላ ኩባንያ መኪና ይዞ የመጣ ጥግ ሄዶ ያቆማል። እሱ ደግሞ የኔዋን «ፈረስ የተለጠፈባት የገበያ ቅርጫት» ይላታል። በፊቴ። በሚስቴ ቀብር ቀን ሳይቀር ብሏል፣ ሊያስቀኝ... አስቆኛልም።

ዓይኑ ደከመና አምና በመጸው ካማሮዋን ሸጣት። ከዚያ ወዲህ መስደቤን ተውኩ። ለምን ተውክ፣ ሞቻለሁ እንዴ ብሎ ተቆጣ።

ዛሬ ቡናውን ሳይጨርስ ነገረኝ። ቤቱ ተሸጧል። በወሩ መጨረሻ ልጁ ቴሬዛ አሪዞና ልትወስደው ነው። እዚያ ምን አለ አልኩት። «ፀሐይ» አለ፣ እንደ ስድብ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጋራዡ አዞረ።

«ከመሄዴ በፊት ያቺን ቅርጫት አንድ ጊዜ ልቀመጥባት። ምን ያህል መጥፎ እንደሆነች ለይቼ ልሂድ።»

«ይዝነብና» አልኩት።

«ይዝነብ» አለ። እሱም የመኪና ሰው ነው፣ ገባው።

ማርች 15

ደመና የለም። ወጣሁ፣ ገባሁ። ወጣሁ፣ ገባሁ።

ማርች 17

ዳርሊን በራሷ መኪና ሁለታችንንም ላዙራችሁ አለች። እኔም አየኋት፣ ካዝም አያት። ይሄን አልጽፍም አለችኝ። ጻፊ!

ማርች 18

ሰማዩ ካልሠራ እኛ እንሠራለን። የአትክልቱን የውሃ ጎማ አወጣን። እኔ ውሃውን ይዤ፣ ካዝ በመጥረጊያ እየገፋ፣ መንገዱን ማጠብ ጀመርን። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ነበር ሐሳቡ። ጎማው የጎረቤት አጥር ላይ ሲደርስ አለቀ። ከአጥሩ ወዲያ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት? ደግሞ ካዝ የሚጠርገው የታጠበውን ነበር። አላየውም። እኔም አልነገርኩትም።

ማርች 19

ያጠብነው ሁሉ አድሮ በረዶ ሆነ። ፖስታ የምታመጣው ሴት ተንሸራታ በመቀመጫዋ ወረደች። ደግነቱ አልተጎዳችም፤ አፏ ግን አልተቻለም። አንዱ ለማዘጋጃ ቤት ደውሎ የጨው መኪና መጣና እኛው መንገድ ላይ እጥፍ አርጎ ደፋው። ፊቱ ቆምኩበት። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አባቴ፣ በዚህ ብርድ መንገድ ላይ ውሃ የደፋ ጅል አለ አሉ። እሱን ይቆጡልኝ።»

በጣቴ ካዝን አሳየሁት። ካዝ በረንዳው ላይ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

ማርች 22

ሬዲዮው ዝናብ ብሎ ነበር። የወረደው በረዶ ነው። ሰማዩም የካማሮ ወገን ሆነ።

ማርች 24

ቴሬዛ ሳትጠበቅ ዛሬ ደረሰች። ከባድ በረዶ ይመጣል ተብሎ በረራውን አስቀድማዋለች። ነገ ከሰዓት ይሄዳሉ።

ካዝ ወሬውን ሊነግረኝ አልመጣም። ልጁ ናት ለዳርሊን የነገረቻት። በመስኮት አየዋለሁ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ቢለምነኝ ይሻል ነበር። ቢሰድበኝም። ዝም አለ... ዝም ማለት መቼ ያውቅና?

ጋራዥ ገባሁ። ወጣሁ። ዳርሊን አባዬ ተቀመጥ ትላለች። እንዴት ልቀመጥ? ስንት መኪና ነው በዚህ ጨው ሲያልቅ ያየሁት። የሰቀልኳቸው በሮች ሁሉ ዝገው ወድቀዋል። አንዷን አተረፍኩ። አንዷን! አሁን በገዛ እጄ? ደግሞስ ማንን ስጠብቅ ነው ያተረፍኳት... ስሞት ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሚያቆማትን ሰው?

አላውቅም። አላውቅም ብለሽ ጻፊ።

ማርች 25

አስወጣኋት።

ባትሪውን አሰርኩ፣ ሞተሩ ትንሽ አንገራገረና ተነሣ። ከጋራዡ ስትወርድ ጨዉ ጎማዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ጥርሴ መሐል የገባ ያህል ነው የተሰማኝ። መንገዱን ተሻግሬ ካዝ ደጅ አቆምኳት። ድምጿን ሰምቶ ወጣ፣ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ።

«ዘነበ እንዴ?»

«አልዘነበም።»

«ታዲያ አብደሃል?»

«ትገባለህ፣ አትገባም?»

በሩን ከፈተ። ከዚያ ቆመ። ምን ይጠብቃል ብዬ ዞሬ ባይ... አርባ ዓመት ሲሰድባት የኖረ ሰው ጫማውን ከጫማው እያጋጨ ጨዉን ያራግፋል። ውስጧን እንዳያስነካት። ሲጨርስ ማርሽ አስገባሁ።

ቴሌግራፍ በሚሉት ዋና መንገድ ሄድን። አንድ የጭነት መኪና አልፎን የጨው ጭቃ ከኮፈኗ እስከ በሯ ረጨብን። ፍሬን ልይዝ እግሬ ተነሣ። ካዝ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገ። «አትቁም። ነዳጅ ስጣት» አለኝ። ሰጠኋት። ማርሽ ቀየርኩ፣ ደግሞ ሰጠኋት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በጆሮው ነው ያያት።

ደጁ ስንመለስ ቴሬዛ ሻንጣዋን ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ካዝ አልወረደም። እንዴት ናት አልኩት። መሪው ልል ነው አለ። ወንበሩ የአሻንጉሊት ነው፣ ማርሚታውም ያጉረመርማል። ከዚያ ግን፣

«ደግመህ ዙር። በደንብ አልለየሁም።»

ዞርን። ከዚያም ደግሞ ዞርን። ቴሬዛ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ኤፕሪል 2

ዘነበ። ቅዳሜ መታ፣ ዛሬም ሲያወርደው ዋለ። ከሰዓት ሲያባራ መንገዱ ጥቁር ሆነ፣ ሰዎቹ ሁሉ መኪናቸውን አወጡ። የአሮጌ መኪና ማኅበራችን ሰብሳቢ ሊላንድ የኔዋን ከሥር ጎንበስ ብሎ አየና እንደ ቀብር ቆቡን አወለቀ። ሆባርት ምን ነክቶህ ነው አለኝ። ነዳኋት አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

አጥቤያታለሁ፣ እብድ አይደለሁም። ግን ስርቻዋ ውስጥ የገባው አይወጣም። ይብላ። ብርድ ልብሷን ለውሻዬ ሰጠሁት። በየቀኑ ይዣት እወጣለሁ አሁን፦ ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ እንዲሁ ለመዞርም። ዛሬ ዳርሊን ነዳች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት መሪዋን የነካችው ገና አሁን ነው፤ ከልካዩ እኔ ነበርኩ። ፍሪሲዮኑን እስኪሸት አቃጠለችው። ጻፊው፣ አትዝለይው።

ካዝ ደወለ። አሪዞና ጨውም ዝገትም የለም፣ መኪናው ሁሉ እንደ አዲስ ነው አለኝ። ታዲያ ደስ አይልህም አልኩት። የሚሰደብ የለም አለ።

እንቅልፍ? ትንሽ ትንሽ።

በቃ፣ ብዕሩን አስቀምጪና አንብቢልኝ። ሁሉንም አይደለም። ደግመህ ዙር ያለኝን ቦታ።